የሚሰማ ሰንሰለት

«ይህ ፎጣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ማን ነው የሰቀለው?» የሚል ድምፅ በወጥ ቤቱ መስኮት ሲወጣ፣ ተቆጣጣሪው ብስክሌቱን እንደያዘ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ የገዛ ራሱን ንግግር ሰማ። ቃሉ የእሱ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ የተናገረው። ጎርነን ብሎ መጨረሻው ላይ የሚሰበረው አነጋገርም የእሱ ነው። የምትናገረው ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ነበረች። «እኔ ነኝ ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሚስቱ፣ እሱ ሰምቶት በማያውቀው የተማሪ ድምፅ። «ይቅርታ ፎጣ አያቃናም» አለች ልጁ። ይህችም አባባል የእሱ ናት፤ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይላታል። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ የሁለት ሰው ብቻ አልነበረም። ሦስተኛ ሳቅ ነበረበት፤ እንደ ስቅታ ቆረጥ ቆረጥ የሚል፣ ቆመ ሲሉት እንደገና የሚነሳ። ተቆጣጣሪው ያንን ሳቅ ከልጅነቱ ያውቀዋል። የታላቅ እህቱ ሳቅ ነው። ባሏ ሞቶባት እሱ ዘንድ ከገባች ሦስት ዓመቷ ሲሆን፣ በነዚህ ሦስት ዓመታት አንድ ቀን ስትስቅ አልሰማትም።

ሰውዬው ለወሬ ብሎ መስኮት ሥር የሚቆም ዓይነት አይደለም። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መብራት ጠፍቶበት፣ ጀነሬተሩም አልነሳ ብሎ ሠራተኛው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተለቀቀ። ማርሽ የሌላት፣ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ፣ ሰንሰለት የሚዞርበት «ጥርስ» ብቻ ያላት ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ አስፋልቱን አጋምሶ ሳለ ሰንሰለቷ ቀጭ ብሎ ተበጠሰና መሬት ላይ ተዘረጋ። በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤ ብስክሌቷንም እየገፋ በእግሩ መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ከመታጠፊያው ጀምሮ ይሰማ ነበር። ሰንሰለቷ ክርርር ጓ፣ ክርርር ጓ እያለች ከመታጠፊያው ሱቅ ጥግ እስከ ግቢው በር ድረስ ስትለፈልፍ ነው የምትመጣው። ዛሬ ግን ሰንሰለቷ ኪሱ ውስጥ ናት፤ ስለዚህ የመጣ መሆኑን ማንም አላወቀም።

ሊገባ እጁን ወደ በሩ እንደሰደደ ልጁ ድንገት «ኧረ ካቴናው! መጣ!» አለችና የሰንሰለቷን ድምፅ እያስመሰለች በአፏ ክርርር ጓ፣ ክርርር ጓ አለች። ወዲያው ወንበር ተጎተተ፣ ራዲዮ ተዘጋ፣ ቧንቧ ተከፈተ፣ መጥረጊያ ከግድግዳ ተነሳ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ተቆጣጣሪው ይህን ጸጥታ በደንብ ያውቀዋል፤ ማታ ማታ ሲገባ የሚቀበለው ጸጥታ ነው። የቤቱ ጠባይ ይመስለው ነበር። ሦስት እስትንፋስ ያህል ቆይቶ ሳቁ እንደገና ፈነዳ፤ የእህቱም ከሁሉም በልጦ ተሰማ። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቆ ሲያይ ልጁ የእሱን አሮጌ ግራጫ ጋዎን ለብሳ፣ እጅጌውን ሦስት ጊዜ ጠቅልላ፣ በእጇ ጠመኔ ይዛ ቆማለች። እጁን ከበሩ መለሰ። ብስክሌቷን ቀስ ብሎ አዙሮ፣ እንደ ሌባ በእግሩ ጣት እየሄደ ከገዛ ግቢው ወጣ።

ስለ ጠመኔው መናገር ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥር መብራት በበራበት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ጨርቅ ሲያልፍ የሚያይ ሰው ነው። ክር የዘለለበት፣ ቋጠሮ ያበጠበት ወይም ዘይት ጠብ ያለበት ቦታ ሲደርስ በጠመኔ ጭረት ያደርግበታል፤ ሌላ ሥራ የለውም። አርባ ሜትር ጥቅል ውስጥ አንዲት የጠፋች ክር አታመልጠውም። የፋብሪካው ሰው «ጋሽ ጥራት» ብሎ ስም ሲያወጣለት ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ደረቱን ትንሽ ነፋ አድርጎ ነው የተቀበለው። ችግሩ ጠመኔው በኪሱ እየሆነ ቤት ድረስ መምጣቱ ነው። የስኳሩ ቆርቆሮ የሚቀመጥበት ቦታ መደርደሪያው ላይ በጠመኔ ተከቧል። የወንበሮቹ እግሮች የሚያርፉበት ሲሚንቶ ላይ አራት አራት ነጥብ አለ። የልጁ መኝታ በር ምን ያህል መከፈት እንዳለበት እንኳ ወለሉ ላይ ተሠምሯል። በክፋት ያደረገው አንድም የለም። ጉድለት ሲያይ ዝም ማለት አይችልም፣ ያ ብቻ ነው። ራት ላይ ማንም ለምን እንደማያወራም ለየሰዉ ምክንያት አዘጋጅቶ ነበር፤ ሚስቱ መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ውላ ይደክማታል፣ ልጁ ዕድሜዋ ነው፣ እህቱ ሐዘኗ አልወጣላትም። ለጎረቤትም ሲነግር የኖረው ይህንኑ ነው። አሁን በመንገዱ ጠርዝ ብስክሌቱን እየገፋ ሲሄድ ሦስቱም ምክንያቶች በአንድ ጠዋት ውድቅ ሆኑበት።

መጀመሪያ ተናደደ። ጋዎኔን ማን ልበሺ አላት? አለ በሆዱ። ቀጥሎ አፈረ፤ ፎጣውን አስታውሶ ፊቱ ጋለ። ፋርማሲውን አልፎ የጫማ አዳሹ ጥላ ዘንድ ሲደርስ ግን ንዴቱም እፍረቱም ወደ ኋላ ቀሩና አንድ ነገር ብቻ አንጀቱን ይበላው ጀመር። የእህቱ ሳቅ ነው። ልጆች ሳሉ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለው፣ እናታቸው «ኋላ እመጣላችኋለሁ» እስክትል የሚስቁት ሳቅ ነው። ያንን ሳቅ ሞቷል ብሎ ትቶት ነበር። ሳቁ ግን ደህና ነው፤ እሱ ቤት ውስጥ፣ እሱ በሌለበት ሰዓት በየቀኑ ይኖራል። ቀናበት። ሰው በገዛ ቤቱ ሳቅ ይቀናል ወይ ብትሉ፣ እሱ ቀንቷል። ያንን ሳቅ በመስኮት ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጦ መስማት ፈለገ፤ እንዴት እንደሚሆን ግን መላው አልመጣለትም። መላ ሲጠፋበት ሥራ መፈለግ ልማዱ ነው፤ የነበረው ሥራ ደግሞ ሰንሰለት መግዛት ነበር።

የብስክሌት ጠጋኙ «ሻምፒዮን» ይባላል። በወጣትነቱ ውድድር ገብቶ ሦስተኛ እንደወጣ ይናገራል፤ ስንት ሰው እንደተወዳደረ ግን ተናግሮ አያውቅም። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው። ጎማዎች ከጣሪያው ተንጠልጥለው ራስ ይነካሉ፤ ግድግዳው ላይ መፍቻዎች በቁመታቸው ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ከኋላው በጥቁር ቀለም ቅርጹ ተሥሏል። ተቆጣጣሪው ይህን ሱቅ የሚወደው በዚህ ምክንያት ነው። ሻምፒዮን የተበጠሰውን ሰንሰለት ከጋዜጣው አውጥቶ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለና እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የኋላውን ጥርስ በጥፍሩ ፈተሸ፣ ከመሳቢያው ሁለት ሰንሰለት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸው። አንደኛው ቀጭን፣ እንደ ብር ሐብል የሚያብለጨልጭ ነው። ሌላው ሰፋ ያለ፣ ጥቁር፣ ግራሶ የበዛበት ነው።

«የብስክሌትህ ጥርስ ቀጭኑ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ይገቡልሃል» አለ ሻምፒዮን። «ይሄ ቀጭኑ ዘጠኝ መቶ ነው። ልክክ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ድምፅ የሚባል የለውም። እውነት ነው የምልህ፣ ድመት ሆነህ ነው ቤትህ የምትገባው። ይሄ ሰፊው አምስት መቶ። ዕድሜው ይረዝማል፤ ግን ጥርሱ ላይ ቦታ ስለሚተርፈው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ይንቃጨላል። አንተን ስለማውቅህ ነው የምነግርህ፤ አንተ ሰፊውን አትችለውም።»

እውነቱን ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ተቆጣጣሪው ለዘጠኝ መቶው አያመነታም ነበር። እሱ ሲመርጥ እንዲህ ነው፤ ጉድለት የሌለውን አንስቶ ሌላውን መተው። ቀጭኑን ሰንሰለት ወደ በሩ ብርሃን ወሰደና በጣቶቹ መሐል አንድ በአንድ እያሳለፈ፣ ጨርቅ እንደሚያይ አየው። መቶ አሥሩም ማያያዣ ያለ አንዳች እንከን እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሰፊውን ሲያሳልፍ ሰባ ሦስተኛዋ ማያያዣ ላይ ትንሽ ድርቅ ማለት አገኘባትና ሳያስበው ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ምልክት አደረገባት። ሻምፒዮን ምልክቱ ያለበትን ቦታ በሁለት እጁ ወዲያ ወዲህ አጥፎ አላላው። ተቆጣጣሪው ግን ዓይኑ ቀጭኑ ላይ ተመልሶ ነበር። ድመት ሆነህ ነው የምትገባው። እስቲ አስቡት፤ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ ድምፅ ሳያሰማ ገብቶ፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ አሥር ደቂቃ የእህቱን ሳቅ ሰምቶ መውጣት ይችላል። ከዚያ ሳል አሰምቶ ደግሞ እንደ አዲስ መግባት። ማንም አይጎዳም። ሐሳቡ ጣፍጦት ዘጠኝ መቶውን ሊያወጣ ኪሱን ዳበሰ።

እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ግን ሌላ ነገር ታየው። አንድ ቀን ያገኙታል። ልጁ ቆሻሻ ልትደፋ ትወጣና መስኮቱ ሥር ታገኘዋለች። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ኖረም አልኖረም ያ ቤት አይስቅም፤ እህቱ ከመሳቋ በፊት መስኮቱን ማየት ትጀምራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ የምትለፈልፍ ሰንሰለት ለእነሱ ምን እንደሆነች አሁን ገባው። እስክትሰማ ድረስ ቤቱ የነሱ ነው። ዝም ያለ ሰንሰለት ከገዛ ያቺን ሰዓት ይቀማቸዋል። የእሱ ድርሻ ባይኖርበትም ሳቁ ከሚጠፋ ቢኖር ይሻላል፤ ይህን ሲያስብ ሆዱ ባባ፣ ግን ደግሞ ቀለል አለው። «ሰፊውን ስጠኝ» አለ።

ሻምፒዮን ሳቀ። «ጋሽ ጥራት፣ ደህና ነህ? ሰው ጨምሮ ጸጥታ ይገዛል እንጂ ጩኸት ይገዛል?»

«ቤት ሰው አለ» አለ ተቆጣጣሪው። «ሳይሰሙኝ መግባት አልፈልግም።»

ሻምፒዮን ቀና ብሎ አየውና «እኔስ ብትል» አለ። «በሩ ላይ ሳል ሳል ብዬ ነው የምገባው። አለዚያ የእኔዋ ትደነግጥና የያዘችውን ትጥለዋለች።» ሰፊውን ሰንሰለት በጥርሶቹ ላይ አዙሮ፣ የተረፈውን ቆርጦ፣ ማያያዣውን በፒንሳ ቀጭ አድርጎ ዘጋው። ተቆጣጣሪው እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ወደ ራሱ ሳበና፣ ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት ሲወጠር ብሎኑን ሊያጠብቅ መፍቻ አነሳ። ሻምፒዮን እጁን ያዘው። «ምን እያደረግክ ነው?» «ማጥበቅ ነዋ። በየቅዳሜው አጠብቃታለሁ።» ሻምፒዮን መፍቻውን ተቀበለው፤ የተበጠሰውን አሮጌ ሰንሰለት አነሳና አየው፤ ከዚያ ተቆጣጣሪውን አየው። «ስንት ዓመት?» «ስድስት።» «ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ካቴና ይጮህ የነበረው ተበላሽቶ መስሎህ ነው? አንቀኸው እኮ ነው። ደህና ካቴና ነበር፤ አንቀህ አንቀህ በጠስከው።» ጎማውን በትንሹ ወደ ፊት መለሰና የተቆጣጣሪውን ጣት ይዞ ሰንሰለቱ መሐል ላይ አስቀመጠው። «ግፋው። አየህ? አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች። ይሄን ያህል መንቀሳቀስ አለበት።» ተቆጣጣሪው ገፋው፣ ለቀቀው፣ እንደገና ገፋው። በሰው ጨርቅ ላይ አንዲት ክር የማታመልጠው ሰው በገዛ እጁ በየቅዳሜው ሲሠራት የኖረችውን ጉድለት አላያትም ነበር። ክው ብሎ ቀረ። ቀጥሎ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ሳቁ መጣ።

ከሱቁ ሲወጣ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ብስክሌቷ እግሩ ሥር ቀለል አለችው፤ ፔዳሉ አይከብድም፣ ዳገቷን ከኮርቻው ሳይነሳ ጨረሳት። ጫማ አዳሹ «ዛሬ ደግሞ አዲስ ገዙ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው፤ «አሮጌዋ ናት» አለ በኩራት። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ጎደለው። ክርርር ጓ የለም። ሰፊው ሰንሰለት ሻምፒዮን እንዳለው ይንቃጨላል፤ ነገር ግን ላላ ስላለ ጫጫታው ቀጭን ነው፤ ሹራብ የሚሠራ ሰው እጅ ላይ ያሉ ሁለት ብረቶች ቢነካኩ የሚሰማ ዓይነት። ይህን ከግቢ ውስጥ ሆኖ የሚሰማ የለም። ለማስጠንቀቂያ ብሎ የገዛው ጩኸት አብሮት አልመጣም። ደወል እንዳይደውል ደወሏን እሱ ራሱ ያለ ልክ ትንቀጫቀጫለች ብሎ ካቻምና ነቅሎ ጥሏታል። ስለዚህ መታጠፊያው ሱቅ ጥግ ላይ ሆኖ ሳል አሰማ። ከግቢው በር ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ጠንከር አድርጎ ሳለ። አንድ የማያውቀው ሰው ዞር ብሎ «ይማርዎት» አለው፤ ከግቢው ግን ምንም እንቅስቃሴ አልተሰማም። ሊወርድና ሊገፋት ሲል በሩ ገርበብ ብሎ ኖሮ የፊት ጎማዋ ገፍታ ከፈተችው።

ሦስቱም ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሚስቱ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች ነው። እህቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ልጁ ጋዎኑ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ወርዶባት፣ ወገቧን እንደ ወታደር ቀጥ አድርጋ፣ አንሶላው ጠርዝ ላይ በጠመኔ ጭረት እያደረገች «ይህ አንሶላ—» ብላ ነበር። ዞር ስትል አየችው። ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ሚስቱ መቆንጠጫውን እንደያዘች ቆመች። እህቱ ዓይኗን ወደ ድንቹ መለሰችና ልጣጩን ቀጠለች፤ ፊቷም ራት ላይ የሚያውቀው ፊት ሆነ። ተቆጣጣሪው ያ ጸጥታ በዓይኑ ፊት ሲሠራ አየው፤ ክር በክር። አንዳች ነገር ካልተናገረ ጸጥታው ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚቀደድ አይመስልም።

«አባዬ፣ እኔ ዝም ብዬ ነው—» አለች ልጁ፣ ጋዎኑን ልታወልቅ አንገቷን እየዳበሰች።

ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደገፋት። ወደ ልጁ ሄደና አንድ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆሞ፣ ከራሷ እስከ እግሯ፣ ጨርቅ በመብራት ላይ እንደሚያይ አያት። እጅጌዋን አየ፣ አቋቋሟን አየ፣ ጠመኔ የያዘ እጇን አየ። ልጅቷ ውሃ ሆናለች። «ልክ አይደለም» አለ በመጨረሻ።

ልጁ የተጠቀለለውን እጅጌ መፍታት ጀመረች።

«ጠመኔ የምይዘው በግራ እጄ ነው። ደግሞ ወገቤ እንዲህ ቀጥ አይልም። ሃያ ሦስት ዓመት ጠረጴዛ ላይ ጎንብሼ እንዴት ብሎ ነው ቀጥ የሚለው?»

ልጁ የሰማችውን ማመን አቅቷት አፏን ከፍታ አየችው። ሚስቱ መቆንጠጫውን ጣለችው። መጀመሪያ የተሰማው ከወደ በርጩማው ነው፤ እንደ ስቅታ ያለ፣ ታፍኖ የነበረ፣ አልታፈን ብሎ በአፍንጫ የወጣ። እህቱ አፏን በድንች እጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ወንድሟን በጎን አየችው። እሱም አያት። ብርድ ልብሱ ውስጥ የነበረው ዓይን ነው። ከዚያ እጇን ከአፏ አነሳችና ሳቁ ግቢውን ሞላው፤ ሚስቱ ተከተለች፤ ልጁ መሳቅና ማልቀስ ተምታታባት። መስኮት የለም፣ መጋረጃ የለም፤ ተቆጣጣሪው ሳቁ መሐል ላይ ነው የቆመው።

«እስቲ አንተ አሳየን፣ እንዴት ነው?» አለችው እህቱ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

ጋዎኑን ከልጁ ላይ ተቀብሎ ለበሰ። ጠመኔውን በግራ እጁ ያዘ። ጎንበስ አለ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ አንሶላውን አፍጥጦ አየ። «ይህ አንሶላ…» አለና ቆመ። እንደገና ጀመረው፤ ድምፁ ግን አልመጣለትም። ሲፈልገው ይቀጥናል፣ ሲያጎረንነው ያስለዋል። ራሱን መሆን እንዲህ የሚከብድ መሆኑን በምን ያውቃል።

«ተወው በቃ፣ ስጣት» አለች እህቱ። «እሷ ትሻላለች።»

አልተከራከረም። ጋዎኑን አውልቆ ለልጁ መለሰላት፤ ጠመኔውንም ሰጣት፤ ሚስቱ ሌላ በርጩማ አቀበለችውና ከእህቱ ጎን ተቀምጦ ከድንቹ አንዱን አነሳ። ልጁ ጋዎኑን ለበሰች፣ ወገቧን ትንሽ ጎበጥ አደረገች፤ አባቷን በስርቆት አየችና ጠመኔውን ወደ ግራ እጇ አዛወረች።